በገዛ እጄ የወሰድኩት ፖስታ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሐኪሙ ጻፊ አለኝ። የደም ግፊትሽ የአንድ ሽማግሌ ነው፣ ንዴቱን ሆድሽ ውስጥ አታከማቺው፣ ወይ ተናገሪው ወይ ጻፊው አለኝ። ብናገረው ሰው አይተርፈኝም። ስለዚህ ልጻፍ። ደብተሩ የምሠራበት የመነጽር ሱቅ የትዕዛዝ መመዝገቢያ ነው፣ ባለቤቱ ጋሼ "ገጹ ተጣሞ ታትሟል" ብለው የጣሉት። በየገጹ አናት ላይ "ቀኝ ዓይን... ግራ ዓይን..." ይላል። ምን ቸገረኝ።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሌንስ ስሞርድ ዋልኩ። አንዲት አስተማሪ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። "ወለሉ ይነሳብኛል፣ የሞረድሽው ጠማማ ነው።" እንደገና ለካሁ። ሌንሱ ምንም አልሆነም፣ ፍሬሙ ላይ ተቀምጣበታለች። ጥርሴን ነክሼ አቃናሁላት። አመሰግናለሁ እንኳን አላለችም።

ከዚያ ሰውዬው ደወለ። ባሌ ነው። ስናደድበት ሰውዬው ነው የምለው፣ አምስት ዓመት ሙሉ ሰውዬው ሆኖ ቀረ።

"መጣ" አለኝ። ምኑ? "ቀጠሮው ነዋ፣ የኤምባሲው።" ኅዳር 18፣ ለኔም ለልጃችንም።

አንድ ዓመት ብሎ ነበር ውጭ አገር የሄደው። ከዚያ ፎርሙ ገብቷል፣ ከዚያ ፋይሉ እየታየ ነው፣ ከዚያ ፋይሉ ወደ ሌላ ቢሮ ተዛውሯል... ያ ፋይል ከኔ የበለጠ አገር አይቷል። አሁን ደግሞ "ቶሎ ቶሎ ተዘጋጂ" ይለኛል። እኔን ነው ቶሎ በይ የሚለው?

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ብሎኛል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ልጄን፣ ፌንጣን፣ ፎቶ ቤት ወሰድኳት። አሥራ ሁለት ሞልቷታል፣ ግን ቅጽል ስሙ አልለቀቃትም። በሁለት ዓመቷ መራመድ ትታ መዝለል ነበር የምታውቀው።

ጆሮ መታየት አለበት፣ መሳቅ አይቻልም። አትሳቂ ሲሏት ነው የሚስቃት። ስድስት ጊዜ ተነሳች። ፎቶ አንሺው መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጦ "ቁርጥ እናቷን፣ አገጯን እይው" አለ። ፌንጣ አገጯን በእጇ ሸፈነች። እኔ አመሰግናለሁ አልኩ።

እዚህ ደብተር ላይ ከዋሸሁማ ምን ጥቅም አለው? ልክ ነው፣ ቁርጥ እናቷን ናት። እናቷ ግን እኔ አይደለሁም፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለችው ናት። ታናሽ እህቴ። በወለደች በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተችብኝ። ሕፃኗን በፎጣ ጠቅልዬ ከሆስፒታል የወጣሁት እኔ ነኝ። አባት ተብዬው ወሬው እንኳን የለም። ትምህርት ቤት ስትገባ ማዘጋጃ ቤት የልደት ወረቀት ላወጣላት ሄድኩ። ጸሐፊው "የእናት ስም?" አለኝ፣ ስሜን ነገርኩት። ለአፍታ አላመነታሁም። ውሸት ነው ብዬም አላሰብኩም። ጡጦ የያዝኩት እኔ፣ ኩፍኝ ሲይዛት ሰባት ቀን ከአልጋዋ ሥር ያልተነሳሁት እኔ። ማንን ልበል ታዲያ?

ሰውዬውም ሲያገባኝ የሦስት ዓመት ልጅ በጀርባዬ ነበረች። በሁለተኛው ሳምንት አባዬ አለችው። ፎርሙ ላይ "ልጆች፦ አንድ" ብሎ ሞላ።

ፌንጣ የግድግዳውን ፎቶ "አክስቴ" ትለዋለች። እኛ ነን ያስተማርናት። ስታድግ እነግራታለሁ፣ ስታድግ እነግራታለሁ... ይኸው አደገች።

እሁድ፣ ጥቅምት 10

ሬዲዮ መጣች። የሰውዬው እህት ናት፣ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ አታውቅም። ሰዎች ቃለ መጠይቅ ላይ ተጠየቅን ያሉትን ሁሉ በወረቀት ሰብስባ ይዛ መጣች፣ ልታለማምደኝ።

"ባልሽ በየትኛው ጎኑ ነው የሚተኛው?"

"እኔ ምን አውቄ። አምስት ዓመት ሆነው እኮ።"

እንዲህ አይባልም አለች። በቀኝ በይ። እንዴት ተዋወቃችሁ ሲሉሽ ፈገግ በይ። አትቆጪ። ፊትሽን አታኮሳትሪ። ፊቴን ምን ላድርገው? ሌላ የለኝም።

ፌንጣ ከኔ በተሻለ ትመልስላታለች። የአባቷን የጫማ ቁጥር ሳይቀር ታውቃለች።

ወጥ ቤት ስንገባ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ስለ ልጅቷ ቢጠይቁስ አልኳት። ሬዲዮ ሳቀችብኝ። ማን ይጠይቃል? ወረቀቱ ላይ ስምሽ አለ። ከአንቺ ሌላ እናት አላት እንዴ? እውነቷን ነው። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

የሕክምና ምርመራ። ኤምባሲው የመረጠው ክሊኒክ ብቻ ነው የሚቻለው። ደም፣ ደረት ራጅ፣ ክትባት። ግፊቴ ዛሬም ሰማይ ነክቷል።

ነርሷ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ ትጠይቃለች። ታጨሻለሽ? አይ። ሳንባ ታመሽ ታውቂያለሽ? አይ። ቀዶ ጥገና? አይ። አርግዘሽ ታውቂያለሽ? አይ። ወልደሽ? አልወለድኩም።

ይቺን ጥያቄ እጠላታለሁ። ከሰውዬው ጋር ልጅ እንዲመጣ ሁለት ዓመት ሐኪም ለሐኪም ዞረናል። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ፊት "አልወለድኩም" ማለት ለምላሴ እንደ ስሜ ነው፣ ሳላዘው ይወጣል። ድሮ ከንፈር ይመጡልኝ ነበር። ይቺኛዋ ምልክት አድርጋ ወደሚቀጥለው አለፈች። የትኛው እንደሚያናድድ አላውቅም።

ማኅተም የተደረገበት ፖስታ ሰጡኝ። "እንዳትከፍቺው፣ ከተከፈተ አይቀበሉትም። በእጅሽ ይዘሽ ነው የምትገቢው።" ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከልብሱ ሥር አስቀመጥኩት። ፌንጣ እንዳትነካው አስጠነቀቅኳት። እንቁላል እንደማስታቅፍ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ጋሼ ዛሬ "አንቺ ስትሄጂ ማን ሊሞርድልኝ ነው?" አሉ። ሌንስ የሚሞርድ ሞልቷል አልኳቸው። ቅር አላቸው። ምናለ ዝም ብል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ይህን መጻፍ አልፈልግም። ግን ልጻፈው።

ስልክ ተቀበሉን፣ ቀበቶ አስፈቱን። አዳራሹ ውስጥ አግዳሚ ወንበሮች፣ ቁጥር በድምፅ ማጉያ ይጠራል። እኛ ስድስተኛው መስኮት ደረሰን። ከመስታወት ጋር ስታገል አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ የዚያ መስኮት መስታወት ሁለት ጣት ይወፍራል፣ ከኋላው ያለውን ሰው አረንጓዴ ያደርገዋል። ወጣት ነው፣ ታናሽ ወንድሜ ቢሆን ነው። አጠገቡ አስተርጓሚዋ፣ የእኛው ሴት። ድምፃችን በማይክሮፎን ነው የሚተላለፈው፣ የእነሱም የእኛም።

የትዳሩ ጥያቄ በደንብ ሄደ። የት ተዋወቃችሁ? ሱቅ፣ መነጽሩን ሊያሠራ መጥቶ። ምን ዓይነት መነጽር? የቀኝ ዓይኑ ሁለት ከሩብ፣ የግራው አንድ ከግማሽ፣ ሁለቱም ሩቁን አያዩም አልኩ። ሰውዬው ራሱ ሩቅ አያይም ልል ነበር፣ ዋጥኩት። ልጁ ሳቀ። አስተርጓሚዋም ሳቀች። አበቃ፣ አለፍን ብዬ ትከሻዬ ላላ።

ከዚያ ፖስታውን ቀደደ።

አነበበ። አንድ ገጽ ወደ ኋላ መለሰ። የልደት ወረቀቷን አወጣ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አደረጋቸው። ለአስተርጓሚዋ የሆነ ነገር አላት። እሷ ፌንጣን አየቻት፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ አለች።

"ይህችን ልጅ አንቺ ነሽ የወለድሻት?"

"ልጄ ናት።"

"ጥያቄው ወልደሻታል ወይ ነው።"

"ልጄ ናት አልኩሽ።"

"እህቴ፣ የሕክምና ወረቀትሽ ላይ ወልጄ አላውቅም ብለሻል።"

አዳራሹ ሁሉ ሰማ። ፌንጣ አጠገቤ ቆማለች፣ የሰነዶቹን ላስቲክ ማኅደር በሁለት እጇ አቅፋ። ልጅቷ ሄዳ ትቀመጥ፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ አልኩ። ተረጎመችለት። አይቻልም፣ እሷም አመልካች ስለሆነች መገኘት አለባት አለ። አመልካች! አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው!

ዞሬ አላየኋትም። ብዞር ኖሮ አልናገርም ነበር።

"አልወለድኳትም። ልጄ ናት።"

ማን ወለዳት? እህቴ። የት ናት? ሞታለች። አስተርጓሚዋ በሦስት ቃል ተረጎመችው።

ትዳርሽ ላይ ጥርጣሬ የለንም አለ ልጁ። ያንቺ ያልፋል። የልጅቷ ግን አይሆንም፤ የጉዲፈቻ ውሳኔ ከፍርድ ቤት ያስፈልጋል፣ ከዚያ በስሟ ሌላ ማመልከቻ ከመጀመሪያው። ለኔ ነጭ ወረቀት፣ ለእሷ ቢጫ። ቢጫውን ፌንጣ ራሷ በመስኮቱ ሥር ተቀበለችው። አጥፋ ማኅደሩ ውስጥ ከተተችው።

አውቶቡስ ላይ ማኅደሩን አልሰጠችኝም፣ ራሷ አቅፋ ወረደች።

በገዛ እጄ ነው የወሰድኩላቸው። ከልብስ ሥር ደብቄ፣ ተንከባክቤ። ለነርሷም እውነት ነው የተናገርኩት፣ ለማዘጋጃ ቤቱም እውነት ነው የተናገርኩት። ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ፌንጣ ልብሷን ለብሳ ትምህርት ቤት ሄደች። ሻዩን አልነካችውም።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ሰውዬው ደወለ። ሰምቷል፣ ሬዲዮ መቼ ዝም ትልና። እኔ ደግሞ አብሮኝ የሚናደድ መስሎኝ... ሞኝ።

በጣም በተረጋጋ ድምፅ፣ አንቺ ቅደሚ አለኝ። ያንቺ አልፏል። እሷን እህቴ ጋ እናስቀምጣትና እዚህ ሆነን እንጨርሳለን፣ ቢፈጅ ሁለት ዓመት ነው።

"እናስቀምጣት? ሻንጣ ናት?"

"አትቆጪ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የእህትሽ ልጅ ናት።"

ጆሮዬን አላመንኩም። ድገመው አልኩት። አልደገመውም። አምስት ዓመት ብቻዬን ነው ያለሁት፣ እኔም ሰው ነኝ፣ ቤቱን ተከራይቼ ባዶ ግድግዳ ነው የማየው ምናምን አለ። ይቆጨዋል፣ አውቃለሁ። እኔም ባዶ ግድግዳ አውቃለሁ። ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አባዬ ያለችውን ልጅ በአንድ ወረቀት?

ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ዞር ስል ፌንጣ በር ላይ ቆማለች። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ነው፣ ጋሼ እንኳን ከሱቁ ማዶ ይሰሙታል።

እሁድ፣ ኅዳር 22

ፎቶውን ከግድግዳ አውርዳ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ አገኘኋት።

"ስትሞት ስንት ዓመቷ ነበር?"

ሃያ ሦስት አልኳት።

"እኔን አይታኛለች?"

አሥራ አንድ ቀን። አቅፋሽ ነበር። ዋናውን ስምሽን ያወጣችው እሷ ናት።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ልነግርሽ ነበር።"

"መቼ?"

ፎቶውን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠችኝም።

"እኔ ከማይክሮፎን ነው የሰማሁት" አለች። ፎቶውን ይዛ ክፍሏ ገባች። በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ምናለ ብታላትመው። የኔ ልጅ በር ታላትማለች፣ ከኔ ነው የተማረችው።

ዛሬ የተናደድኩት በራሴ ነው። ሌላ ሰው የምጨምርበት አጣሁ። እህቴንም ሞከርኩ፣ ለምን ሞትሽብኝ ብዬ። አላዋጣም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3

ፓስፖርቴ መጣ። ቪዛው አለበት፣ ፎቶዬ ኮስተር ብሎ። እስከ ሚያዝያ 21 ካልገባሽበት ይቃጠላል ይላል።

ሬዲዮ እልል እያለች መጣች። በገዛ ሻንጣዋ ልትሸኘኝ፣ ባዶውን እየጎተተች። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ አለችኝ፣ ልጅቷን ለእኔ ተዪያት፣ እንደ ልጄ ነው የማያት። ፌንጣ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ እርሳሷ ቆመ።

ሻንጣሽን ይዘሽ ውጪ አልኳት። በዚህ ቃል። አሥር ዓመት ያላወቀችውን ስሟንም ነገርኳት። ሬዲዮ!

ፌንጣ ስትስቅ የሰማሁ መሰለኝ። ቀና ስል ግን ደብተሯ ላይ አቀርቅራለች።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 19

ወር ሆናት እማ ካለችኝ። "ራት ደረሰ?" "ቁልፉ የት ነው?" መጥሪያ የሌለው ንግግር። አክስቴ አትለኝም፣ እማ አትለኝም። ስጠራት ትመጣለች፣ ስነግራት ትታዘዛለች። ጨዋ እንግዳ ቤቴ ተቀምጣለች።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ፍርድ ቤት በር ላይ ካሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንዱ ጋ ሄድኩ። ባለጃንጥላው። የጉዲፈቻ ነገር ነው አልኩት። ባለትዳር ስለሆንሽ የባልሽ ፈቃድ በጽሑፍ፣ ያለበት አገር ተረጋግጦ፣ ካለዚያ ዳኛው አያየውም አለኝ። ስንት ዓመት አሳደግሽ? አሥራ ሁለት። ጽፎ ጽፎ ቆመና "ታዲያ እስካሁን ምን ትጠብቂ ነበር?" አለኝ። አንተም? ልለው ነበር። ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 3

ከሁለት ወር በላይ ያላነሳሁትን ስልክ ራሴ ደወልኩ። ከሰላምታ በፊት ነገርኩት። ያን ቀን የእህትሽ ልጅ ያልከውን እሷ ሰምታዋለች፣ ያለ እሷ አልመጣም፣ ቪዛው ይቃጠል። አንድ ወረቀት ብቻ ነው የምፈልገው። ባለጃንጥላው የጻፈልኝን በቃል አስጻፍኩት፣ ቃል በቃል። "ከልጅቷ ጋር ያለዎት ዝምድና" የሚለው ላይ "የአመልካቿ ባል" ብለህ ሙላ አልኩት። ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። አንተ ፎርም ላይ አትታመንም አልኩት።

"እሺ" ብቻ ነው ያለኝ። መነጽሩ ተጭሮብኛል፣ ብዙም አላይም አለ ከዚያ። ምን ላድርግልህ? አልኩት። ግን ቁጥሩን አስታወስኩ፣ ሁለት ከሩብ፣ አንድ ከግማሽ።

እሁድ፣ መጋቢት 7

ወረቀቱ የለም። ወር አለፈ። ስልክ አያነሳም። ደሜ እየፈላ ነው። ቁርጡን የማይናገር ወንድ... አልፈርምም ካለ አልፈርምም ይበል! የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሚያዝያ 15 ነው። ሐኪሙ ይህን ገጽ ቢያይ ደብተሩን ይቀማኝ ነበር።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10

መጣ። ትልቅ ፖስታ፣ ማኅተም በማኅተም። አልከፈትኩትም። ፌንጣ ክፈቺው ብትለኝም አልከፈትኩትም። ከእንግዲህ ፖስታ የሚከፍቱት እነሱ ናቸው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

ፌንጣን ከትምህርት ቤት አስቀርቼ ወሰድኳት። ዳኛው ጋ ከመግባታችን በፊት መዝገብ ቤት ሰነዱን ያያል። ሴትዮዋ ወፍራም መነጽር አላት፣ ፍሬሙ ወደ ግራ ተጣሟል፣ አቃናልሽ ልላት ፈልጌ ነበር። ፖስታውን ከፈተች። በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ጣቷ ቆመ። ያንን የሚቆም ጣት አውቀዋለሁ።

"ይሄ ስህተት ነው" አለች። "ዝምድና የሚለው ላይ የአመልካቿ ባል መባል ነበረበት። አባት ብሎ ነው የሞላው። አባትማ ከሆነ ጉዲፈቻ ምን ያደርጋል? እንደገና አስልኪ፣ ቀጠሮውን ለግንቦት 11 እናዛውራለን።"

ሴትዮዋ ወረቀቱን ወደ እኔ ስትገፋው ፌንጣ አነሳችው። አነበበችው። እኔም በትከሻዋ ላይ አየሁት። የሱ ጽሕፈት፣ ትልልቅ ፊደል፣ መስመሩን የሞላ። ምንም አልሰረዘበትም።

ሁለት ጊዜ አስደግሜዋለሁ። ቃል በቃል።

መናደድ ነበረብኝ። ቆሜ ጠበቅኩት፣ አልመጣም።

ደረጃው ላይ ሆኜ ደወልኩለት። ዛሬ አነሳ። ምን ብለህ ነው የጻፍከው? አልኩት።

"እሷ እየሰማች አንድ ጊዜ የእህትሽ ልጅ ብያለሁ" አለ። "የነገርሽኝን ልጽፍ ወር ሙሉ ሞከርኩ። እጄ እንቢ አለኝ።"

ፍርድ ቤቱ አይቀበለውም እኮ፣ እንደገና መላክህ ነው አልኩት። እልካለሁ አለ፣ የሚፈልጉትን ጽፌ እልካለሁ፣ ይቺን ግን እሷ ትያዛት።

ፌንጣ ወረቀቱን አጥፋ ማኅደሩ ውስጥ ከተተችው፣ ከቢጫው አጠገብ።

"አባዬ አሁንም ፎርም መሙላት አይችልም" አለች። ሁለት ደረጃ በአንድ ጊዜ ዘለለች። "እማ፣ ነይ እንሂድ፣ ርቦኛል።"

ያልሰማሁ መሰልኩ። ብሰማ የምታቆመው መስሎኝ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21

ግፊቴን ተለካሁ። ትንሽ ወርዷል። ሐኪሙ መድኃኒቱ ነው ይላል።

ሱቅ ሥራ በዝቶ ነው የዋለው። ፍሬሟ ላይ የተቀመጠችው ያቺ አስተማሪ እናቷን ይዛ መጣች፣ የእናትየውን እኔ እንድሠራላት ብላ። ለባሌም ሌንስ ሞረድኩ፣ በአዲስ ፍሬም፣ ሁለት ከሩብ፣ አንድ ከግማሽ። ከአዲሱ ፎርም ጋር እልክለታለሁ። ባሌ ብዬ ጻፍኩ... ጻፍኩ። አሁንም ተናድጄበታለሁ፣ ይኸኛው ግን ሰው ቤቱ ሆኖ የሚናደደው ዓይነት ነው።

የእህቴ ፎቶ ግድግዳው ላይ ተመልሷል። ከጎኑ ፌንጣ ያቺን ስድስት ጊዜ የተነሳችውን ፎቶዋን ለጥፋለች፣ አገጭ ለአገጭ።

ፓስፖርቱን አውጥቼ ቪዛውን አየሁት። ፌንጣ ከጠረጴዛው ቀና አለች።

"ቀኑ ዛሬ አይደል የሚያልቀው?"

"ዛሬ ነው።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ምን? ሂጂ ተኚ፣ ነገ ትምህርት አለሽ።"

ክፍሏ ገባች። በሩን አላተመችው።